ለአባቴ ቴሌስኮፕ ስመርጥ

አባቴ የረመዳንን ጨረቃ ከሰው አፍ መቀበል አይወድም ነበር። ሬዲዮ ይናገር፣ መስጊድ ያውጅ፣ ጎረቤት በር ያንኳኳ፣ ለእሱ ሁሉም ወሬ ነው። ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሲገባደድ ፒያሳ ካለው የልብስ ስፌት ሱቁ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይወጣና ምዕራቡ የሚታይበት ከፍታ ላይ ቆሞ ፀሐይ የጠለቀችበትን ቦታ በዓይኑ ያበጥራል። ካየ "አየሁ" ይላል። ካላየ "አላየሁም" ነው፤ ሰው ደስ እንዲለው ብሎ የሚመሰክረው ነገር የለም። መስጊድ ካወጀ ከሕዝቡ ጋር መጾሙ አይቀርም፤ ግን ራሱ ያላየውን ወር "ሳንተዋወቅ የገባ" እያለ እስከ ዒድ ድረስ ያማዋል።

እሪ በከንቱ ያለው ግቢያችን ሙስሊምና ክርስቲያን ተደባልቆ የሚኖርበት ነው። ጾሙ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ለማወቅ ግቢው በሙሉ የሚጠብቀው የእሱን መምጣት ነበር። ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ገና ከሩቅ አረማመዱን ሳይ ማየት አለማየቱን አውቅ ነበር።

አሁን መቀሱን ካስቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ቤት ውስጥ እጁ እየመራው ይንቀሳቀሳል፣ ሰውን በድምፁ ይለያል፣ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ያደርጋል። ሐኪሙ ይህ ዛሬ ከባድ ሕክምና አይደለም፣ ሞራውን አውጥተን ሌንስ እንተካለታለን፣ ግን ባትዘገዩ ይሻላል ብሎናል። አባቴ እሺ አላለም። ፈርቶ ቢሆን ኖሮ አባብለው ነበር፤ ለፈሪ የሚሆን ምላስ አላጣም። እሱ የሚለው ሌላ ነው። "የማየውን አይቻለሁ፤ የቀረው ለእናንተ ይሁን" ይላል፣ ለዚያውም ፈገግ ብሎ። በዚህ ፈገግታው የተነሣ ስንት ጊዜ በሩን ደርግሜ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉም የሚከፋኝ ደግሞ የረመዳን ዋዜማ ነበር። ወደ ደጅ መውጣቱን ትቶታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የዱዓ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ እየቆጠረ "ታየች አሉ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ከሰው አፍ የማይቀበል የነበረ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶም ወደ ሙስበሃው ይመለሳል።

ቴሌስኮፑን ያየሁት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወደ እኛ ሰፈር በሚያወርደው በኩል፣ ዙሪያው ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ የተረፈ አንድ የቆየ የካሜራ ሱቅ አለ። መስኮቱ ላይ በርሜል የሚያክል ነጭ ቱቦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቆሜ አየሁት። አባቴ ጨረቃዋን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያያት ምን ይል ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሕክምናው አልመጣልኝም፤ እንዲያው ልቤ ያለው እንዲያይ ብቻ ነው።

እኔ የግዢ ሠራተኛ ነኝ። በመሥሪያ ቤቴ ወንበርም ሆነ ማተሚያ ማሽን ሲገዛ የዕቃውን ጠባይ አንድ በአንድ ሳላጣራ አላልፍም፤ ባልደረቦቼ በዚህ ይማረሩብኛል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ስለ ቴሌስኮፕ ያላነበብኩት ጽሑፍ፣ ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚያወራው ስለ መስታወቱ ስፋት ነው። ሰፊ መስታወት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። የደከመ ዓይን ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። በቃ፣ ትልቁን መግዛት ነው ብዬ ወሰንኩ።

ባለሱቁ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ የሰፋላቸው አባቴ ነው። ትልቁን ነጭ ቱቦ እንደምፈልግ ስነግራቸው ከየት ሆኜ እንደማይ ጠየቁኝ። ከግቢያችን አልኳቸው።

"ግቢያችሁ ሰማይ አለው?" አሉኝ።

አለው እንጂ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ወስደሽ ሞክሪው አሉኝ። ይህ የድሮው ፒያሳ ወግ ነው፤ ነጋዴው ቤተሰቡን ካወቀ ዕቃውን ይሰጥሃል፣ ቤትህ ወስደህ ታሳያለህ፣ ካልሆነልህ ትመልሳለህ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ሱቅ እምብዛም የለም፤ እሳቸው ግን በዚያው ወግ ጸንተዋል። አባቴም ነገሩን ስነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው በክር ሳይያዝና ሳይለካ የተሰፋ ኮት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ ወይ የሚል ነበር። ሳትሞክሪ አትግዢ ማለቱ ነው።

ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ገደማ ስለቀረው፣ ለልምምድ የሻዕባንን ጨረቃ መረጥኩ። ጥቂት ቀን የሞላት ስለሆነች ከፍ ብላ ነው የምትታየው። ትልቁን ቱቦ በታክሲ አምጥተን ከታክሲው እስከ ግቢ ድረስ ጎረቤት ሁሉ እየተጋገዘ ተሸከመው። እውነቱን ለመናገር የግቢያችን ሰማይ ጠባብ ነው። በስተምዕራብ ዳገቱ አለ፣ ዳገቱ ላይ አንድ ረጅም አዲስ ሕንፃ ቆሟል፣ ከእሱ ወዲህ ደግሞ የጎረቤት የውሃ ታንከር አለ። ጨረቃዋ በታንከሩና በሕንፃው መካከል ባለችው ክፍተት ብቅ ትልና ወዲያው ትሄዳለች። እኔ እግሩን ዘርግቼ፣ ሚዛን መጠበቂያ ብረቱን አስገብቼ፣ ብሎኑን ሳጠብቅ ጨረቃዋ ክፍተቷን አቋርጣ ከሕንፃው ጀርባ ገባች። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ምን ታድርግ፣ መድፍ ሲጠመድባት ሸሸች አለና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ነበር፤ ግን አባቴ በረንዳችን ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነበርና ሳቁ አልዘለቀልኝም። ክንዱን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁት።

በማግስቱ መድፉን መለስኩና ባለሱቁ ሌላ ሰጡኝ። ይህኛው አጭርና ወፍራም ቱቦ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። እሱም እንደ ትልቁ በመስታወት ነው የሚሠራው። በርጩማ ላይ አኖርኩት፣ ወደ ክፍተቷ አዞርኩት፣ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ካልኩ በኋላ ጨረቃዋ ጥርት ብላ ገባችልኝ። ጫፏ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ሳይቀር ይታያሉ። ለደስታዬ ልክ አጣሁለት። አባቴን አምጥቼ አጎነበስኩት፣ ከቀኙ የተሻለውን ግራ ዓይኑን መመልከቻው ላይ አስደገፍኩለት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ የእኛ ጨረቃ አይደለችም" አለኝ። "ተደፍታለች።"

በእኛ አገር አዲስ ጨረቃ ምሽት ላይ ስትታይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው። ባለ መስታወቱ ቱቦ ግን ያየውን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ይህን አንብቤዋለሁ፤ ኮከብ ላይና ታች የለውምና አያስጨንቅም ይላል፤ እኔም አለፍኩት። አባቴ የተወለደበት ወሎ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌዎች አዲሷ ጨረቃ እንዴት እንደተኛች አይተው ስለሚመጣው ዝናብ ያወራሉ፤ የተደፋች ጨረቃ ማንም አይቶ አያውቅም። ቱቦው ነው የገለበጣት፣ ጨረቃዋ ያችው ናት ብዬ አስረዳሁት። እሱ ግን ምስክር ያየውን ነው የሚናገረው፣ ሰው ቢጠይቀኝ ተደፍታ አየኋት ልበል ወይ አለኝ። አዲስ ጨረቃ ሲታይ የሚደረገው ዱዓስ ለተደፋች እንዴት ይደረጋል አለኝ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰው ስንት ደክሞ ያመጣውን፣ ምናለ ደግ ነው ብትል አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ግቢው ሰምቷል። ቱቦውን ሰብስቤ ገባሁ።

ነገሩ የገባኝ የእራት ዕቃ ሳጥብ ነው። እጄ ሳሙና እንደያዘ ቀጥ አልኩ። ተደፍታለች ያለኝ እኮ አይቶ ነው። የሻይ ብርጭቆ ጠርዝ የማይታየው ሰው የጨረቃን ቀንድ ለይቶ፣ ወደ ታች ናቸው ብሎ ተከራከረኝ። ሮጬ ሄጄ ቀንዶቿን በእርግጥ ለይተሃቸዋል ወይ አልኩት። ነገርኩሽ አይደል እንዴ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አኩርፎኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መተኛት አቃተኝ፤ ዓይኑ ገና አለ፣ ከሞራው በስተጀርባ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው እያልኩ አደርኩ።

ባለሱቁ ታሪኩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቁን ትተው ወንበር ላይ ወጡና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረዱ። ሰማይ የሚያይ ሰው ለመገልበጡ ግድ የለውም፣ ወፍና አውሬ የሚያይ ሰው ግን ቀጥ ብሎ እንዲታየው ይፈልጋል፣ ይህ ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው የመጣ ነው አሉኝ። ከፊቱ መስታወት ሳይሆን ሌንስ ያለው፣ ከኋላው ምስሉን መልሶ የሚያቃና መታጠፊያ የተገጠመለት አጭር ቱቦ ነው። በካሜራ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። አንስቼ ስመዝነው ከሁለት ኪሎ ስኳር አይበልጥም።

በመሥሪያ ቤቴ አሠራር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጥለው እሱን ነበር፤ ከሦስቱ ሁሉ ስፋቱ ያንሳል። አሁን ግን የምፈልገውን አውቄያለሁ። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ እንደተቀመጠ የሚያሳይ፣ ብዙ ሰማይ በአንድ ጊዜ ስለሚያስገባ ጨረቃዋን በቶሎ የሚያገኛት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አላህ እንደፈጠራት የሚያሳያት። ይኼኛው ለአባቴ ልክ የተሰፋ ነው ብዬ ወሰድኩት፤ አልመለስኩትምም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጨረቃ እንደ ሻዕባኗ ከፍ አትልም፤ ዝቅ ብላ ታይታ ወዲያው ትጠልቃለች። ከግቢው መሬት ላይ ሆኖ እሷን ማየት የማይታሰብ ነው። ከግቢያችን ራስጌ ግን ዙሪያውን በረንዳ ያለው የድሮ የእንጨት ፎቅ አለ፤ ከበላያችን የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ እዚያ በረንዳ ላይ ለቆመ ሰው፣ ከዚያ ረጅም ሕንፃ በስተቀር፣ ምዕራቡ ተከፍቷል። ለቤቶቹ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ሰማዩ ስለተገኘ ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው። ፎቁ ላይ የሚኖሩት እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ የግቢያችን አሮጊት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። በረንዳቸውን ልለምን ስሄድ ቱቦውን ይዤ ሄድኩና በስተምሥራቅ ወደ ሥላሴ አዙሬ አሳየኋቸው። ጉልላቱ ላይ ያለው መስቀል ቀርቦ ሲታያቸው አማተቡ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ከዚህ ሆነው ሲሳለሙት እንዲህ መሆኑን አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ በረንዳው የእኛ ሆነ። የዚያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተጠጋግተው ስለመጡ እሳቸው ጾም ላይ ነበሩ፤ የእናንተም በቶሎ ይግባና አብረን እንራብ አሉኝ።

የሻዕባን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲመጣ አባቴን ደፍሬ ና አላልኩትም። ደግሞ የተደፋች ልታሳዪኝ ነው ወይ እንዳይለኝ ፈራሁ። አሥር ሰዓት ግድም እሱ ራሱ ተነሥቶ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ አደረገና ደረጃውን ማን ሊያወጣኝ ነው አለ። እኔ ከፊት፣ እትዬ ከኋላ ሆነን አወጣነው። የእንጨቱ ደረጃ በየእርከኑ ይጮሃል፤ እትዬ ይህ ደረጃ ከእኔ ጉልበት ይሻላል እያሉ አሳቁን።

ፀሐይ ጠለቀች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቱቦውን ምዕራብ ላይ አድርጌ መፈለግ እንደጀመርኩ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አባቴም በረንዳው ላይ ምንጣፉን አስነጥፎ ሶላቱን ጀመረ። እኔ ዓይኔን ከቱቦው ሳልነቅል ሰማዩን ጥግ ጥጉን ስፈትሽ አገኘኋት። የስፌት ክር የምታክል ነጭ ነገር ናት፤ ተኝታለች፣ ቀንዶቿ ወደ ላይ። አለች አልኩ ለራሴ። አባቴ ግን ከሦስቱ የሶላት ረከዓዎች ገና ሁለተኛው ላይ ነው።

አባቴ በሶላት አይቸኩልም። ዕድሜ ሲጨመር ጭራሽ ረጋ ብሏል። እሱ ሲያጎነብስና ሲነሣ ጨረቃዋ ወደዚያ ረጅም ሕንፃ እየተንሸራተተች ነበር። መቆሚያውን አንስቼ በበረንዳው ጥቂት ራቅ ብዬ ተከልኩትና እንደገና አገኘኋት። ደግሞ ተጠጋች፤ ደግሞ አንስቼ ራቅኩ። ያ ነጭ በርሜል ቢሆን ኖሮ እዚያው ቀርቶ ነበር። እትዬ በእጃቸው ምልክት መቼ ነው የሚያበቃው ይሉኛል፣ እኔም በእጄ አላውቅም እላለሁ። የሚሰግድ ሰው አይጣደፍም፤ ይህን እያወቅኩ ግን ረከዓዎቹን እቆጥር ነበር። የራሴን ሶላት እንኳ ያቆየሁት ለእሱ ብዬ ነውና አላህ ያየኛል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ መልሶ እንዳሰላመተ ከአጠገቡ ነበርኩ። "አባዬ፣ ሙስበሃው ይቆይ። እሷ አትጠብቅም።"

ክንዱን ሰጠኝ። አስጠጋሁት። ቱቦውን እንዳይነካው እጆቹን በእጄ ያዝኩ። ግራ ዓይኑን አስደገፈና ቆመ። ከታች መንገዱ ላይ መኪና ይጮሃል፣ ከአደባባዩ በኩል የባቡሩ ድምፅ መጥቶ አለፈ፤ እሱ ዓይኑን ከመመልከቻው አላነሣም። አጣት ብዬ ቱቦውን ላስተካክል ስል ተናገረ።

"በጀርባዋ ተኝታለች" አለ። "ግራ ቀንዷ ይረዝማል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ይረዝማል። አለቀስኩ፤ ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ እትዬ ከጎኑ ቆመው አሜን አሉ።

ከዚያ ቀና አለና ያለ ቱቦው ወደ ምዕራብ ማየት ጀመረ። ዓይኑን አጠበበ፣ ከፈተ፣ እንደገና አጠበበ። እዚያ ለእሱ ያለው ጉም መሆኑን አውቃለሁ። ያጣውን አሳይቼ አቆሰልኩት እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። አንቺ ያለዚህ ነገር ትታይሻለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። በየት በኩል እንደሆነች ሲጠይቀኝ ክንዱን አንስቼ ጣቱን ወደ እሷ ጠቆምኩለት። ጣቱን ሳያወርድ እንደዚያው ቆየ።

"የዓይኑ ሐኪም ጠዋት ነው የሚገባው?" አለኝ።

እትዬ ናቸው በእኔ ፋንታ አዎ ጠዋት ነው ያሉት፤ ሰው ስለሚበዛ ግን በጊዜ መሄድ ነው ብለው ጨመሩበት።

"እንግዲያው በጊዜ እንሄዳለን" አለ አባቴ። "የዒዷን በዓይኔ ነው የምፈልጋት።"

በማግስቱ ሱሁር በልተን፣ ሱብሂን ሰግደን፣ ገና ሳይነጋ ወጣን። የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራችንን ስንጠብቅ ዋልን። አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሰረ ሰው ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ስለ ትናንትናው ምሽት ያወራ ነበር፤ እነሱ ሰፈር ማንም እንዳላያት ነገረንና ለመሆኑ ጨረቃዋን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"እኔ አየኋት" አለው አባቴ።